በቀን አሥር ቃል

ሰኞ፣ መጋቢት 13። ጠዋት 1፡30

የዛሬዎቹ አሥር ቃላት ተጽፈዋል። የቅዳሜዎቹን ራሴን ስጠይቅ ስድስት ብቻ አስታወስኩ። አራቱ የት እንደገቡ እንጃ። ከዛሬዎቹ ሦስቱን መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኳቸው። እማዬ ካየች ትቆጣለች።

ደብተሬ፣ ያለፈችው ስላለቀች አንቺ ነገሩን አታውቂም። በአጭሩ፦ ስሜ ጽጌ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። አምና ማትሪክ ወደቅኩ። ሌላውን ሁሉ አልፌ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ። እንግሊዝኛ የወደቀ ሁሉንም እንደወደቀ ነው የሚቆጠረው። የጣለኝ የቃላት ክፍሉ ነው። ዘንድሮ ድጋሚ እፈተናለሁ። ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል።

ለዚህ ነው በየጠዋቱ ጋሼ ወልዴ ዘንድ የምሄደው። ሲኒማ ራስ ፊት ለፊት፣ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አላቸው። ጣሊያን እንደወጣ ለእንግሊዝ መኮንኖች አስተርጓሚ ነበሩ። አሁን ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ለመጣለት ሰው ሁሉ ያነባሉ። መርካቶ ውስጥ በእንግሊዝኛ የመጣ ወረቀት ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቃላት ከነትርጉማቸው የጻፉበትን ሰማያዊ አሮጌ ደብተራቸውን ይከፍታሉ፣ ቃሉን ያነባሉ፣ ትርጉሙን ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ሩጫ ወደ ት/ቤት።

ደወሉ ተደወለ። ሄድኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 15። ከራት በፊት

ደብተሩን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ፈተናው ያስፈራኛል።

አባባ ዛሬ ሱቅ ጠሩኝ። ፋሲካ ስለቀረበ ሸማ ተራ ማለፊያ የለም። ነጠላ እያጣጠፍኩ ሳለ፣ ሰው ፊት፣ ዘንድሮ ካልሆነ እዚሁ ከጎናቸው ብቀመጥ ምን እንደሚከፋኝ ጠየቁኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማጣጠፌን ቀጠልኩ። መልሱን በአማርኛም አላውቀውም።

እትዬ አስካለ ማግ ይዘው መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ ጥጥ ፈትለው ነው የሚኖሩት። አንድ ልጃቸው በለጠ ከአሰብ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ከሄደ ዓመት አለፈው። አምስት ወር ሙሉ ወሬው ጠፍቷል። እኔን ሲያዩኝ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ነገር አላቸው። ዛሬ፣ ፈረንጆቹ ናፍቆትን ምን እንደሚሉት ጠየቁኝ። አላወቅኩትም። አዬ፣ ይሄን ያህል ዘመን ተምረሽ፣ አሉና ሳቁ። ለቀልድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እስከ ቤት ድረስ አብሮኝ መጣ።

ሰኞ፣ መጋቢት 20። ከሰዓት

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ህንዳዊው የእንግሊዝኛ መምህራችን ቃላት እየጠሩ ዓረፍተ ነገር እንድንሠራ አዘዙ። ሊኒየንት አሉ። ይሄን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ከጋሼ ወልዴ የጻፍኩት ነው፤ የሚገድል ማለት ነው። እጄን አወጣሁ። በሕይወቴ ለሁለተኛ ጊዜ መሰለኝ እጄን ሳወጣ። ተነሥቼ፣ የእባብ መርዝ ሊኒየንት ነው፣ አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ሊኒየንት ማለት ቅጣት የማያከብድ፣ ይቅር ባይ ማለት መሆኑን ነገሩኝና እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ይቅር ባይ መርዝ። እስከ እረፍት ድረስ ስሜ እሱ ሆነ።

እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ጋሼ ወልዴ አይሳሳቱም። ተቻኩዬ ስጽፍ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 21። 10 ሰዓት

እኔ አይደለሁም።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት አስወርጄ ከገጼ ጋር አመሳከርኩ። ሊኒየንት፦ እኔ የጻፍኩት የሚገድል። ከእሱ ቀጥሎ ሊታል፦ የጻፍኩት ድንዝዝ ያለ። ሌታርጂክ፦ የጻፍኩት በግልጽ የሚናገር። አንዱም ልክ አይደለም።

ከዚያ አየሁት። የሚገድል የሊታል ትርጉም ነው። ድንዝዝ ያለ የሌታርጂክ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል የጻፍኩት ከበታቹ ያለውን ቃል ትርጉም ነው። አንድ መስመር ተንሸራቷል። ጋሼ ወልዴ ቃሉን ከአንዱ መስመር፣ ትርጉሙን ከሚቀጥለው እያነበቡ ነው የሰጡኝ። ወደኋላ ገለጥኩ፤ አምስት ገጽ ሙሉ እንዲሁ። ሌሎቹ ደህና ናቸው።

አምስት ገጽ። በቃሌ ይዤዋለሁኮ። እየተኛሁ ሁሉ የምለው ነው። እንዴት አድርጌ ነው አሁን ከራሴ ውስጥ የማወጣው?

ረቡዕ፣ መጋቢት 22። ጠዋት 2 ሰዓት

ለጋሼ ወልዴ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ግን አየኋቸው። እስከዛሬ አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ አይቻቸው አላውቅም። ደብተሩን አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጋሉ። ጣታቸው መስመሩን ይዞ ሲሄድ መሃል ላይ ይወርዳል። ስደርስ ደግሞ በሌላ ሰው ስም ጠሩኝ፤ ድምፄን ሲሰሙ ነው ጽጌ ያሉኝ። መነጽራቸው ላይ እንኳ አቧራ ነበር፤ ቢያዩበት ይጠርጉት አልነበር?

ለመፈተን አይደለም፣ እግዜር ያውቃል፣ ዝም ብዬ ደብተሩ ላይ የሌለ ቃል ጠየቅኳቸው። ሪላክተንት። ቀና አሉ። ልቡ ሳይፈቅድ የሚሠራ፣ አሉኝ፤ እየሄደ ወደኋላ የሚያይ። አንድ እንግሊዛዊ ሻለቃ እንዴት ይለው እንደነበር፣ ድምፁን ሳይቀር አስመስለው አወሩልኝ። እንደ ውኃ ነው የወረደላቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው አልተነካም። የደከመው ዓይናቸው ነው።

ታዲያ የሰዉን ደብዳቤ እንዴት ነው የሚያነቡት?

ሐሙስ፣ መጋቢት 23። ማምሻ



ከት/ቤት ስመለስ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እንደነገሩ ጣል አድርገው እየሮጡ አገኙኝ። አቅፈው ሳሙኝ። ከኤደን ወደብ ደብዳቤ መጥቷል። ለጋሼ ወልዴ ቢያሳዩአቸው፣ ጋሼ ሰላምታ ነው ብለዋቸዋል፤ በለጠ ደህና ነው፣ ሁሉንም ሰላም ብሏል። ደብዳቤውን ደግሞ መልስ ለመጻፍ እንዲመቻቸው ብለው እዚያው አስቀርተውታል። እኔም ደስ አለኝ። አብሬያቸው ሳቅኩ።

ቤት ስገባ አባባ፣ ያለ ልማዳቸው፣ በዚህ ሰዓት እቤት ናቸው። የእድር ዳኛ ስለሆኑ ሰው አይጠፋም፤ ሁለት የእድሩ ሽማግሌዎች አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። እማዬ ዓይኗ ቀልቷል። በኋላ ጓዳ ውስጥ ነገረችኝ። በለጠ ሞቷል። ደብዳቤው የመጣው ከሆስፒታል ነው። ጋሼ ወልዴ እናቲቱን ፊት ለፊት ማርዳት አቅቷቸው ሰላምታ ነው ብለው ሸኟቸው፤ ከዚያ ሰው ተደግፈው አባባ ሱቅ መጡና እውነቱን ተናገሩ። ደብዳቤውም አባባ ኪስ ውስጥ ነው። መርዶው ቅዳሜ ማለዳ ይነገራል። ለሰፈሩ ሴቶች ነገ ማታ ይነገራቸዋል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

አለቀስኩ። በለጠ ልጅ ሳለን ውኃ ስቀዳ እንስራዬን ያሸክመኝ ነበር። እናቱ አሁን ከግድግዳው ወዲያ እያንጎራጎሩ ነው። ይሰማኛል።

ማልቀሴን ሳቆም ነው የመጣልኝ። ያ የተንሸራተተው መስመር።

ዓርብ፣ መጋቢት 24። ጠዋት 12፡45

አባባን ደብዳቤውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ምን ልታደርጊበት፣ አሉ። ልገለብጠው፣ አልኩ። ፊቴን አይተው ሰጡኝ።

ግማሽ ገጽ ነው። በታይፕ የተጻፈ፣ ቀለሙ የደበዘዘ። እንዲህ ይላል፦ ይህ ደብዳቤ ዘግይቶ ስለሚደርስዎ እናዝናለን። ልጅዎ ግሬቭ ሕመም ታሞ ወደ ሆስፒታላችን ገብቶ ነበር። አሁን ኮንቫለሰንት ነው። ዕቃው እኛ ዘንድ በአደራ ተቀምጧል። ከዚያ ፊርማ።

ግሬቭን አውቀዋለሁ። ብቻውን ሲቆም መቃብር ነው። ከሕመም ፊት ሲመጣ ግን ከባድ ማለት ነው። አምና ፈተና ላይ የሳትኩት ስለሆነ መቼም አልረሳውም። ጋሼ ወልዴ ያዩት እናዝናለንን፣ መቃብርን፣ ዕቃውን ይሆናል። ሌላውን ገምተው ሞሉት።

ግን ኮንቫለሰንትን አላውቀውም። ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ታሞ ነበር፤ አሁን ኮንቫለሰንት ነው። ሞቷልም ሊሆን ይችላል። ዕቃው በአደራ የሚቀመጠው ለምንድነው?

ለአባባ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩ፤ ማንበብ እንደማይችሉ እያወቅኩ እንኳ የሚያነቡ መሰለኝ። ከዚያ፣ “አንዱን ቃል ሳታውቂው ነው መርዶ አስቁሙ የምትዪኝ?” አሉ። “በሕይወት አለ ብለን ኋላ ሞቶ ቢገኝስ? ሁለቴ እንግደላት?”

ልክ ናቸው።

ዓርብ፣ 5፡30። ት/ቤት

ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፏል። ኃላፊው ለወሩ ተክለ ሃይማኖት ቤ/ክ ሄደው አልተመለሱም። መምህራችን ዓርብ ዓርብ ሌላ ት/ቤት ነው የሚያስተምሩት። የክፍሌን ልጆች ጠየቅኩ። አንዷ ኮንቮይ መስሏት ተሰልፎ የሚሄድ መኪና ነው አለችኝ። አንዱ የሃይማኖት ስም ይመስለዋል።

መጽሐፎቼን ሁሉ አገላበጥኩ። የለም። የአምናውንም ደብተር። የለም። ይህን ሁሉ ወር ቃል ስሰበስብ ኖሬ የምፈልገው አንዱ የለኝም።

አንድ ሰው ነው የሚያውቀው። እሳቸው ደግሞ…

ከወረቀት ሲያነቡ ነው የሚሳሳቱት። ከራሳቸው ሲናገሩ አይሳሳቱም። ረቡዕ ዕለት በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እንዴት ብዬ ልጠይቃቸው? ተሳስተዋል ሳልል? ተሳስተው ባይሆንስ?

ዓርብ፣ ማታ 3 ሰዓት። ቤት

ሁሉንም ልጻፈው። ሳልረሳው።

በ9 ሰዓት ሲኒማ ራስ ደረስኩ። ጋሼ ወልዴ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ሐዘኑን እሳቸውም ተሸክመውት ውለዋል። ደብተራቸው ተዘግቷል። ሰላምታ ሰጥቼ፣ አንድ ቃል ከብዶኝ ነው የመጣሁት አልኳቸው።

“ጋሼ፣ ኮንቫለሰንት ምን ማለት ነው?”

ለአፍታም አላሰቡ። “ታሞ የተነሣ። ሕመሙ ለቆታል፣ ጉልበቱ ግን ገና አልተመለሰም። እያገገመ ያለ ሰው።” ቀጥለውም፣ “ጥሩ ቃል ነው። ከየት አገኘሽው?” አሉ።

“ከእትዬ አስካለ ደብዳቤ።”

ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ጡሩንባ እየነፋ አለፈ፤ እሱ እስኪያልፍ የሚጠብቁ መሰሉ። ከዚያ አንብቢልኝ አሉኝ። የገለበጥኩትን አወጣሁና አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ግሬቭ ስል ድገሚው አሉኝ። ስጨርስ ዕቃው ለምን በአደራ እንደተቀመጠ ጠየቅኳቸው። ሲወጣ ሊሰጡት ነዋ፣ አሉ። ሆስፒታል የሚገባ ሰው ልብሱን ለብሶ አይተኛም።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። “እኔ ያየሁት ሦስት ቃል ነው፣ ጽጌ። ሌላው ጉም ነበር።”

ወረቀቱን አጣጥፌ ያዝኩ።

ባርኔጣቸውን አድርገው ተነሡ። አባትሽ ጋ ውሰጂኝ አሉ። ክንዴን ያዙ። በረንዳው ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ በእግራቸው ሲፈልጓት ነው ዓይናቸው ምን ያህል እንደደከመ የገባኝ። በየቀኑ የሚወርዷት ደረጃ ናት። እስከ ሸማ ተራ በተሸካሚውና በአህያው መሃል እየመራሁ ወሰድኳቸው። በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፤ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ወደ ድምፁ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ።

አባባ ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ስለ ድንኳኑ እየተነጋገሩ ነበር። እኔ ልጀምር ስል ጋሼ ወልዴ እጄን ጫን አደረጉኝ። ራሳቸው ተናገሩ። ልጁ በሕይወት አለ። ታሞ ነበር፣ ድኗል። ያላነበብኩትን አነበብኩ ብዬ ሰው ልገድል ነበር። ያነበበችው ይህች ልጅ ናት፣ አሉ።

አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። አባባ የተጠቀለለውን የሸማ ጣቃ ከበርጩማ ላይ አንሥተው ጋሼ ወልዴን አስቀመጧቸው። ነገሩ ከዚህ እንዳይወጣ ተባባሉ። ለእትዬ አስካለ የሚነገራቸው ልጃቸው ታሞ እንደነበረና እንደተሻለው ብቻ ነው። አባባ ራሳቸው ሄደው ነገሯቸው።

እራት ላይ አባባ ከፊታቸው ያለውን ሽሮ ወደኔ ገፋ አደረጉት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 25። ማለዳ

መርዶው ሊነገር በነበረበት ሰዓት ነቃሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ጨለማው ገና አልለቀቀም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ እንጃ። አንድ ሰው ውሳኔው ሳይደርሰው ቀርቶ የእትዬ አስካለን በር ቢያንኳኳስ?

ከዚያ የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ደጃቸውን እየጠረጉ ነው።

በኋላ ሲያገኙኝ ጋሼ ወልዴን በሐሜት አነሷቸው። የልጄን መታመም ለምን ደበቁኝ፣ እኔ ልጅ ነኝ ወይ፣ አሉ። አንገቴን ደፋሁ። ከዚህ ሐሜት የሚከብድ ምስጢር አለ፤ እሱን እኔ ነኝ የያዝኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 29። ጠዋት

ጋሼ ወልዴ አራት ቀን አልወጡም። ጠረጴዛው ተገልብጦ ግድግዳ ተደግፏል። ሰዎች ወረቀት ይዘው እየመጡ ይመለሳሉ። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ሰውዬ ጉንፋን ነው ይላል።

አዲስ ቃል የለኝም። ፈተናው ወደ አራት ሳምንት ወረደ። ለእሳቸው ማዘን ሲገባኝ ለራሴ ነው የምጨነቀው። ክፉ ነኝ እንዴ?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 1። ከሰዓት

ጋሼ ወልዴ ወጥተዋል። ትናንት። ሳያቸው ልቤ ደስ አለው፤ ከዚያ ወዲያው ተጨነቀ።

ያበላሸናቸውን አምስት ገጾች አስተካከልን። አዲስ ዘዴ ነው፦ እኔ ቃሉን አነባለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ትርጉሙን ከራሳቸው ይሰጡኛል። ሰማያዊው ደብተር አልተከፈተም። እንዲህ በጥሩ ሁኔታ ተምሬ አላውቅም። እያንዳንዱ ቃል ታሪክ አለው፤ ማን እንደተናገረው፣ የት፣ በማን ላይ።

ስንጨርስ ግን አንድ ነገር ለመኑኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጠዋት ጠዋት ከጎናቸው ብቀመጥ። ሰው ወረቀት ሲያመጣ የማጠና መስዬ በጆሯቸው ባነብላቸው። እሳቸው ጮክ ብለው ይተረጉማሉ። ማንም አያውቅም። “ዓይኔን ካወቁ ማን ይመጣል፣ ልጄ? ይቺ ጠረጴዛ ባትኖር እኔ ማነኝ?”

ላስብበት አልኩ። ሽማግሌ ሲለምን እንዴት ከባድ ነው። ለእኔ እንጂ ለማን ነው ይህን ሁሉ ጠዋት የደከሙት?

እኔ ት/ቤት ስሄድስ? ትናንት ከሄድኩ በኋላ ለሦስት ሰው አንብበዋል። ምን እንደነበር ጠየቅኩ። ቀላል ነገር ነው አሉኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 4። ማምሻ

ሦስት ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ቃል ይዤ እቀመጣለሁ፤ የማየው ያን ደብዳቤ ነው። ሦስቱ ሰዎች እነማን ናቸው? አንዱ የመድኃኒት ወረቀት ይዞ ቢሆንስ?

ለአባባ ልናገር አሰብኩ። አባባ ካወቁ ለእድሩ ይነግራሉ፣ ነገሩ ያበቃል፣ ጋሼ ወልዴም አብረው ያበቃሉ። ዝም ብል ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መርዶውን ማን ያስቆመዋል?

ወሰንኩ። ነገ፣ ቃሎቼን ከመቀበሌ በፊት እነግራቸዋለሁ። ጮክ ብዬ ከሆነ ከጎንዎ እቀመጣለሁ፤ በሹክሹክታ ከሆነ አልቀመጥም። ከተቀየሙኝ አሥሩ ቃል ይቅር። ፈተናውም የሚሆነውን ይሁን።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 5። 2 ሰዓት። ክፍል ውስጥ፣ መምህሩ ሳይገቡ

ነገርኳቸው። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ያሰብኩትን ግማሹን ረስቼ።

መነጽራቸውን ሲጠርጉ፣ ሲጠርጉ ቆዩ። አበቃልኝ አልኩ። ልሄድ ዞር ስል አንድ ልብስ ሰፊ መጣ። ከአዲሱ የስፌት መኪናው ጋር ከውጭ የመጣ ወረቀት ይዟል። ለጋሼ ወልዴ ዘረጋላቸው።

አልተቀበሉትም። ወደኔ ጠቆሙት።

“ዓይኔ ደክሟል፤ አላይም” አሉ። የሱቁ ሰውዬ እስኪሰማ ድረስ ነው ያሉት። “እሷ ታነባለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ካልተስማማህ ሌላ ቦታ ሂድ።”

ሰውዬው እሳቸውን አየ። እኔን አየ። ዩኒፎርሜን፣ መዳፌ ላይ ያለውን ቀለም። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

ሁለተኛው መስመር ላይ የማላውቀው ቃል ነበር። ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ጋሼ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ተረጎሙት።